በእጅ የሚያዝ ቤት

ግንበኛው አዲሱን የእጅ ጌም ከካርቶኑ ሲያወጣው ገና ወደደው፤ ቀላል ነው፣ ስክሪኑም እንደ መስኮት የጠራ። ቤት መሥሪያውን ጨዋታ ከፍቶ የራሳቸውን ቤት ክፍል በክፍል ሠራ። ሚስቱ በትከሻው በኩል አየችው።

«ቀን ሙሉ ብሎኬት ደርድረህ አልበቃህም? ደሞ የልጃችንን ክፍል የዶሮ ቤት አሳክለህ ሠራኸው!»

«እሺ እመቤቴ፣ አፍርሼ አሰፋዋለሁ።»

አንድ ቁልፍ ነካ። ክፍሉ ከስክሪኑ ጠፋ።

እሷም ሳቀችና የተኛችውን ሕፃን ልታይ ወደ ኮሪደሩ ሄደች።

«እስቲ ና» አለችው ወዲያው፤ ድምፅዋ ተለውጧል።

የልጅቱ ክፍል በር በነበረበት ቦታ ልሙጥ ግድግዳ ቆሟል። ቀለሙ እንኳ ደርቋል። እንደ ልማዱ በጣቱ አንኳኳው፤ ድፍን ነው።

ሲያንኳኳ ጊዜ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች።