የፕሮፌሰሩ አምባዛዎች

ኢቢናቦ እጇን በሳሙናም በሎሚም ብትፈትገው የዓሣው ጠረን አልለቅ አላት። ምግብ ባነሳች ቁጥር ያጥወለውላታል።

የዶክትሬት ተማሪ ነች። ጠዋት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ታስተምራለች። ከሰዓት የነዳጅ ዝቃጭ ጉበት እንዴት እንደሚያበላሽ የምታጠናባቸውን አይጦች ትመዝናለች፣ ዝቃጩን በመርፌ ትወጋቸዋለች፣ ሣጥናቸውን ትጠርጋለች፣ የሞተውን ታስወግዳለች። አመሻሹ ላይ ደግሞ የአማካሪዋን የፕሮፌሰር ኦሩዋሪን አምባዛዎች ትቀልባለች። በናይጄሪያዋ ፖርት ሃርኮርት ውስጥ ግቢው ሰፋ ያለ መምህር ኩሬ አያጣም፤ ኩሬ ያለው ደግሞ ተማሪ አያጣም።

መጀመሪያ አንዱን ሥራ ስትይዝ ሌላው ያመልጣት ነበር። ከኩሬው ስትዘገይ ፕሮፌሰሩ በሰው ፊት፣ “የእኔ ዓሦች ጾም አያውቁም። ያንቺ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ቢጾም ምንም አይል” ይሏታል።

የትምህርት ክፍሉም አያግዝም። ከሕንፃው ጀርባ ያለው የቤተ ሙከራ ቆሻሻ ማቃጠያ ከተበላሸ ወዲህ ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል። ጠጋኝ ይመጣል ይባላል እንጂ አይመጣም።

በኋላ ግን ጊዜዋን ማብቃቃት ለመደች። ከቤተ ሙከራው ስትወጣ ፌስታሏን አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ ኩሬው ትሄዳለች። ዓሦቹ ሲያዩአት ተደራርበው አፋቸውን ይከፍታሉ። ያን አፍ ማየት ያንገሸግሻታል፤ ፊቷን አዙራ ትበትንላቸዋለች።

“ምን ሹክ ብለሻቸው ነው እንዲህ የወፈሩት?” አሏት ፕሮፌሰሩ አንድ ቀን። “መኖውም አላልቅ አለ። እጅሽ በረከት አለው።”

ጽሑፏ አለቀ። ዓርብ ካልተፈረመበት ምዝገባዋ ይሰረዛል። ፕሮፌሰሩ ዓርብ ምሳ ላይ ተማሪዎቻቸውን ቤታቸው ጠሩ፤ ዓሦቹን ለማውጣት ኩሬው ተመጥጦ ነበር።

ቀይ ሾርባው በትልቅ ድስት ቀረበ። ፕሮፌሰሩ የአምባዛ ጭንቅላት በጣታቸው ፈልቅቀው መጠጡ። ቅባቱ በአገጫቸው ወርዶ ለፊርማ ካመጣችው ጽሑፏ ሽፋን ላይ ጠብ አለ።

“አንቺስ?”

“ጠግቤ ነው ፕሮፌሰር።”

“የት በልተሽ? ወይስ የእኛ ቤት ምግብ ከደረጃሽ በታች ነው?”

“ተዋት እንጂ፣ አፍራ ነው” አሉ ባለቤታቸው፣ ሳህኗን እየሞሉላት። “ብይ ልጄ። ልጆቻችን እንኳን ሁለት ሁለቴ አስጨምረዋል።”

አብሯት የሚማረው ቶንዬ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። “እህቴ፣ ኩራቱን ለነገ አቆዪው። ዛሬ የምንበላው ፊርማ ነው።”

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። “ሰምተሻል። ሳህንሽን ባዶ ሳላይ ብዕር አላነሳም።”

ኢቢናቦ አገጫቸውን አየች። ከዚያ አጥንት የሚግጡትን ልጆች አየች። የደበቀችውን ሁሉ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

ጽሑፉ ገበታው ላይ ነበር።

ትንፋሿን ይዛ ጎረሰች። ሳታላምጥ ዋጠች። ደገመች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ፕሮፌሰሩ ጣታቸውን ላስ ላስ አድርገው ፈረሙላት።

“አየሽ? ምንም አልሆንሽም” አሏት።

ቶንዬ በድስቱ የተረፈውን መረቅ ወደ ራሱ ሳህን እየገለበጠ ነበር። “እንዲህ የሚጣፍጡት ምን አብልተሻቸው ነው?”

“አይጦቼን” አለች ኢቢናቦ።