ጸጥ ያለችው ክፍል

ግንበኛው የገዛ ቤቱን ክፍሎች ባዶው ቦታ ላይ በኖራ አሰመረና ቤተሰቡን «እስቲ ግቡ» አላቸው። ለሰው ሲሠራም ልማዱ ነው፤ ባለቤቶቹ መስመሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሳይሉበት መሠረት አይቆፍርም። ሆዷ የገፋው ሚስቱ ወደ ኩሽናው አመራች፤ ሁለቱ ልጆቹ ክፍላቸውን በጩኸት አቀለጡት። ሦስተኛው ሲመጣም አይጠባቸውም።

«ያቺ ደግሞ ያንቺ ናት፣ እማዬ» አላት እናቱን፣ በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል እያሳያት። ከሁሉም አብልጦ የተጨነቀው ለዚህች ክፍል ነበር፤ የልጆቹ ጫጫታ እንዳይደርስባት ብሎ ጥግ አስይዟታል። እናቱ በርጩማዋን ይዛ፣ እውነተኛ ግድግዳ የቆመ ይመስል መስመሩን ሳትረግጥ፣ ዞራ በበሩ ገባችና ተቀመጠች። ግራ ቀኟን ቃኘች። ከዚያ ተነሥታ በገባችበት በር ወጣችና በርጩማዋን ከልጆቹ ክፍል ጎን፣ ዕቃ ቤት ብሎ ያሰመራት ጠባብ ቦታ ላይ አኖረችው።

«እኔን እዚህ አድርገኝ።»

«ኧረ እማዬ፣ ይኼ እኮ ዕቃ ቤት ነው! ደግሞ እነዚህ ውሪዎች መቼ ያስተኙሻል?»

«እሱን ብዬ ነዋ» አለች። «ጸጥታውንማ ኋላ እጠግበው የለ?»

ግንበኛው ዕቃ ቤቱን ሊያሰፋላት በልጆቹ በኩል ያለውን መስመር በእግሩ አጠፋ። አዲሱን ሊያሰምር ኖራ ሲዘግን፣ ትንሿ ልጁ ባልተሰመረው ግድግዳ በኩል ሮጣ ገብታ አያቷ ጭን ላይ ወጣች።

የዘገነውን ኖራ ወደ ባልዲው መለሰው። እዚያ ጋ በር ይሆናል።