የተመረጠበት ምክንያት

«ይቺ ትሻላለች» አለ ባለሱቁ፣ የስድስተኛዋን፣ የትልቋን ካሜራ መስታወት በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ። «ሩቅ ታመጣለች። ጨረቃን ብታነሺባት ጠባሳዋን ትቆጥሪያለሽ።»

ዘጋቢዋ ከጨረቃ ጋር ጉዳይ አልነበራትም። በእጇ የያዘችውን ትንሽ ካሜራ ገልብጣ ከሆዱ በኩል ያለችውን የሜሞሪ ካርድ በር በአውራ ጣቷ ከፈተች፤ ዘጋች። ዓይኗን ሳትጥልበት ደግማ ከፈተች። ሱቁ ከገቡ ጀምሮ አንድም ፎቶ አላነሳችም።

አጠገቧ የቆመው የጋዜጣው የግዢ ኃላፊ ሰዓቱን አየ። ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ከኋላው ሁሉም «ጋሽ አይሆንም» ነው የሚለው፤ እሱም ያውቃል። ለእስክሪብቶ አይሆንም፣ ለዝናብ ልብስ አይሆንም፣ ለወንበር አይሆንም ሲል ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ዛሬ ለመስክ ዘጋቢዎች አምስት ትንንሽ ካሜራ ሊገዛ ወጥቷል። በብብቱ በያዘው ፋይል ካለው የግዢ ቅጽ ያልተሞላችው አንዲት መስመር ናት፦ የተመረጠበት ምክንያት። «ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ» ብሎ ሞልቷት ሊገላገል ነበር ሐሳቡ።

«ልጄ፣ በር ልትገዢ ነው ካሜራ?» አላት።

«በሩን ነው ጋሼ።»

«ያቺ ትልቋስ? ዓይን ትሞላለች።»

«እሷን አንግቶ መስክ መውጣትማ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ነው። ያለፈው ሳምንት ጥበቃዎቹ ያደረጉኝን ረሱት እንዴ?»

አልረሳውም። አንድ ግንበኛ ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ሞተ። ጓደኞቹ በማግስቱም ያለ ደህንነት ገመድ ሲሠሩ አነሳቻቸው፤ ጥበቃዎቹ ካሜራውን ነጥቀው ፎቶውን አጠፉት። ሥራ ተቋራጩ «ያለ ገመድ የሚሠራ ሰው የለንም» የሚል ደብዳቤ ላከ። ዋና አዘጋጁም ማስረጃ የለሽም ብሎ ጽሑፏን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ዘጋቢዋ ከኪሷ የራሷን ካርድ አውጥታ ካሜራው ውስጥ ከተተችና ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ጋሽ አይሆንም ገና ያኔ ነው ወደ ውጭ ያየው። መንገዱ ማዶ ግንበኛው የሞተበት ያው ፎቅ ቆሟል። አናቱ ላይ ሁለት ሰዎች ብሎኬት ይቀባበላሉ፤ ወገባቸው ላይ ቀበቶ እንጂ ገመድ የለም። ከሦስት ሱቅ ይሄኛውን የመረጠችለት «ብርሃኑ ጥሩ ነው» ብላ ነበር።

ሐቁን ለመናገር ብርሃኑ ጥሩ ነበር።

አራት ጊዜ አነሳች። በአምስተኛው፣ የፎቁ ጥበቃ ዱላውን እንደያዘ መንገዱን ሲያቋርጥ ታየ። የሱቁ በር ተበረገደ።

«አምጪው። ይጠፋል።»

ጋሽ አይሆንም አውራ ጣቷን አየ። ፊቷ ወደ ጥበቃው ነው፤ ከጀርባዋ ግን እጇ በሩን ከፈተ፣ ካርዱን መዳፏ ውስጥ ጣለ፣ በሩን ዘጋ። ከዚያ ካሜራውን ባንኮኒው ላይ በክብር አስቀመጠችው። ጥበቃው እጁን ዘረጋ።

«አይሆንም» አለ ጋሽ አይሆንም።

በልማድ ነው ያመለጠው፤ ራሱም ደነገጠ። ቃል ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም።

«አባባ፣ እርስዎን አይመለከትም።»

«ዕቃ ከሆነ ይመለከተኛል። ይሄ ካሜራ ገና አልተገዛም፤ የሱቁ ነው። መውሰድ ካለብህ ወግ አለው።» ከፋይሉ የርክክብ ቅጽ መዝዞ ዘረጋለት፤ እስክሪብቶውንም ከፈተለት። «ሙሉ ስምህ እዚህ። የላከህ ሰው ስም እዚህ። የምትወስድበት ምክንያት እዚህ። ምክንያቱን በጉልህ ጻፈው፣ የሚነበብ ይሁን።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን ነዋ። ማዶ ያሉት ሰዎች ገመድ እንደሌላቸው እንዳይታይ።»

ጥበቃው ቅጹን አየ። ዞሮ ፎቁን አየ። እስክሪብቶውን አልነካውም።

«እኔ ተላላኪ ነኝ፤ ምንም ላይ አልፈርምም። ውስጡን ብቻ ልየው።»

ባለሱቁ ካሜራውን አንስቶ ትንሿን በር ከፈተለት፤ ባዶ ናት። «የናሙና ዕቃ ነው ወንድሜ። ካርድ የሌለው ካሜራ ምን ያነሳል ብለህ ነው?»

ዘጋቢዋ እጇን ኪሷ ከታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋስትና ማስታወቂያ ታነባለች።

ጥበቃው ዱላውን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

ጋሽ አይሆንም የርክክብ ቅጹን ወደ ፋይሉ መለሰ። ከዚያ ካሜራውን አንስቶ እጁን ወደ ጀርባው አዞረ። አውራ ጣቱ መጀመሪያ ሳተ። በሁለተኛው በሩ ተከፈተ።

«አምስት ከዚሁ» አለ ለባለሱቁ።

የግዢውን ቅጽ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ባዶዋን መስመር ፈለገ፤ በጉልህ፣ የሚነበብ አድርጎ «በሩ ጥሩ በመሆኑ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሙሉ ስሙን።