በሚገባ ትሰማለች

አማካሪዬ ለማስተማር ልምምድ ሲልከኝ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ተማሪዎችሽን የማትሰሚ ከሆነ አላሳልፍሽም፤ ምርቃትሽ ለከርሞ ይሆናል።» አፉን ሳይዘጋ «ገብቶኛል» አልኩት።

ሦስት ሳምንት ዘጠነኛ ቢን አማርኛ አስተማርኩ። በራሴ ግምት ከእኔ የተሻለ አዳማጭ በግቢው አልነበረም።

«ቲቸር፣ ጥያቄ አለኝ» ትላለች ከፊት የምትቀመጠው ልጅ።

«አውቄዋለሁ። አዎ፣ ፈተና ላይ ይወጣል።»

«ኧረ ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ ልልሽ ነበር!»

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ከሳቁ በላይ ጮኼ ትምህርቴን እቀጥላለሁ።

በመጨረሻው ቀን ክፍሉን የለቀቁልኝ የአማርኛ መምህር የግምገማ ቅጼን በታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። እዚያው ፊታቸው ቀደድኩት። «አስተያየት» በሚለው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «በሚገባ ትሰማለች።»

ልዘል ምንም አልቀረኝም። «መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! የወለደችኝ እናቴ እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ግን አንድ ቀን እንኳ ክፍሌ ሳይገቡ ጥሩ አዳማጭ መሆኔን እንዴት አወቁ?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«የአማርኛ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ፣ ልጄ? ‹ሰ›ን አጥብቀሽ አንብቢያት እንጂ! እኔ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ዘጠነኛ ሲን ሳስተምር ነው የከረምኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቼ ደብተራቸው ላይ የጻፉት ያንቺን ትምህርት ነው።»