ተሽከርካሪው በር

እናናዬ ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር የምትሠራበትን ሆቴል ተሽከርካሪ የመስታወት በር ገፍታ በመስታወቶቹ መሃል እንደገባች፣ ሱፐርቫይዘሯ ዳጊ ከውስጥ ሮጦ መጣና ከማዶ ባለው የበሩ ክፍል ገብቶ በሩን በሁለት እጁ ያዘው። በሩ ቆመ።

"እትዬ፣ ፕሊስ! ሠራተኛ በጓሮ ነው የሚገባው። ማኔጀሩ ካየዎት እኔን ፋየር ያደርገኛል!"

"የጓሮው ደረጃ በረዶ ጋግሯል ብዬ ስንቴ ነገርኩህ? ትናንት ስወድቅ እያየህ ጥለኸኝ ሄድክ።" ያበጠው ጉልበቷ ይጠዘጥዛት ነበር። "ዛሬ በዚህ ነው የምገባው።"

ዳጊ በሩን ወደ ኋላ ሊመልሰው ታገለ። እሷ ግን ስንት ዓመት እርጥብ አንሶላ የሞላ ጋሪ ሲገፋ የኖረ ትከሻዋን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ባላት ኃይል ገፋች። በሩ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መሃሉ ላይ በተተከለው ብረት ዙሪያ ቀስ እያለ ዞረ። እሷን ወደ ሞቀው አዳራሽ ሲያስገባት፣ እሱን በሸሚዙ ብቻ ወደ ውጭ፣ በረዶው ላይ አወጣው።

እንግዶቹ ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ሊያባርሯት እንደሚችሉ አላጣችውም። ቢሆንም እያነከሰች በምንጣፉ መሃል አለፈችና፣ ሠራተኛ የማይሳፈርበትን የእንግዶች ሊፍት ጠራች።