የኮምፔንሳቶው ድልድዮች

ከአርባ ኪሎ በታች የሆነ ነገር ሁሉ፣ ካልታሰረ፣ ወደ ሰማይ መሄድ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ትርሲትም የእንጨት ሥራዋን ከዚሁ ጋር አስማምታለች። ኮምፔንሳቶውን ከመቁረጫ ማሽኑ ጠረጴዛ ጋር በብሎን ታስረዋለች፤ ማሽኑ ለመዋዕለ ሕፃናት የሚቆርጣቸው የእንጨት ፊደላት ግን ትንንሽ ስለሆኑ ብሎን አይችሉም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ፊደል ዙሪያ ሲቆረጥ፣ ከኮምፔንሳቶው ጋር የሚያያዙት ሁለት ቀጫጭን ድልድዮች ሳይነኩ ይቀራሉ።

ዛሬ ጠዋት የእናቷ የወይዘሮ አረጋሽ ሚዛን ሠላሳ ዘጠኝ አለ። ሕመሙ ካከሳቸው ቆይቷል። ትርሲት ወለሉ ላይ ከተተከለው ወንበር ጋር በገዛ መቀነታቸው አሰረቻቸውና ሥራዋን ቀጠለች።

የአንዱ ፊደል ድልድዮች ተሰበሩ። ፊደሉ ተነሣና ጣሪያው ሥር የተወጠረው መረብ ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ወይዘሮ አረጋሽ ቀና ብለው በዓይናቸው ሸኙት።

«ቀስ ብሎ ነው ለካ የሚሄደው» አሉ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ሥራው ሲያልቅስ ድልድዮቹን ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

«በቢላዋ እቆርጣቸዋለሁ።»

«እጅሽ አይንቀጠቀጥም?»

«ለምጄዋለሁ።»

ማሽኑ ቆመ፤ ትርሲት ቢላዋውን አነሣች። ወይዘሮ አረጋሽ መቀነታቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«እንግዲያው ጊዜው ሲደርስ ይኼን አንቺው ፍቺልኝ። ለሌላ ሰው እንዳትተዪው።»

ትርሲት ቢላዋውን አስቀመጠች። ወደ ወንበሩ ሄዳ ተንበረከከችና መቀነቱ ላይ ሁለተኛ ቋጠሮ ጨመረችበት።