ለቀዛፊዋ ትከሻ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ መሰላሌ ከእግሬ ሥር ይንሸራተት፤ እኔም ብሩሼን እንደያዝኩ አራተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥዬ ልቅር። ቀለም ቀቢ በመሰላሉ ከማለ ከዚያ ወዲያ መሐላ የለም።

ሚስቴ ሐይቁ ዳር ቆማ የልጃችንን መቅዘፊያ በሁለት እጇ ጨብጣለች። አልሰጥም ብላለች። ልጄ ትከሻዋን የማይሸፍን የቡድን ካናቴራዋን ለብሳ ፊት ለፊቷ ቆማለች። ጓደኞቿ ጀልባውን እየገፉ ነው፤ አሰልጣኙ ሰዓቱን ባየ ቁጥር ወደ እኛ ይገላመጣል። ፀሐይዋን ተዉአት፤ ገና በጠዋቱ ድንጋይ ልታቀልጥ ደርሳለች።

በሚስቴ አልፈርድም። አምና በዚሁ ውድድር ልጅቱ የተቀባችው የፀሐይ መከላከያ ክሬም በመጀመሪያው የውሃ ፍንጣቂ ታጥቦ ሄደ፤ ትከሻዋም እንደ አሮጌ ቀለም ተላጠ። ሳምንት ሙሉ ልጅቱ በደረቷ ተኝታ፣ እርጥብ ጨርቅ ስትቀያይርላት የከረመችው እናቷ ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። ዘንድሮ ውሃ የሚያጥበው ነገር ተቀብታ ከምትወጣ ብትቀር ይሻላታል ብላ ቆርጣለች።

አባት የሚያስፈልገው እንግዲህ እንዲህ ላለው ሰዓት ነው። የክሬሙን ቱቦ ከኪሴ አወጣና፣ ትናንት ይህን ክሬም እንዴት እንደመረጥኩ እነግራታለሁ። ሌሎቹም ወላጆች ይጠቀሙ ብዬ ድምፄን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ።

ፋርማሲስቷ፣ እላታለሁ፣ ሦስት ዓይነት ሰንስክሪን ደረደረችልኝ። ሦስቱም ላይ ውሃ ይቋቋማል የሚል ተጽፏል። እኔ ደግሞ በጽሑፍ አምኜ ቀለም ገዝቼ አላውቅም። የውጭ ግድግዳ ቀለም የሚፈተንበት ወግ አለው፤ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ውሃ ይለቀቅበታል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጠረጋል። ለነጭ ቀለም ጥቁር ጨርቅ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም እዚህ መላጣዬ ላይ በብሩሽ መስመር መስመር አድርጌ ቀባሁና ውሃ አምጡ አልኩ። በጆግ አፈሰሱብኝ፤ አልበቃኝም። በባልዲ ደገሙኝ። እሱም አልበቃኝም፤ ከጎረቤት የመኪና ማጠቢያ የውሃ ጎማ ተጎተተ። ሁለቱ እንደ ወተት ወረዱ። ሦስተኛው ላይ ግን ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ መሬት ሲደርስ፣ የጠረግኩበት ጥቁር ጨርቅ እንደ ጠቆረ ቀረ። ደጁ በሰው ጢም አለ። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ልታለብሰኝ ምንም አልቀራት።

አንዲት እናት ፈገግ ብላ የክሬሙን ስም ትጠይቀኛለች። አንድ አባት ባርኔጣዬን አንስቼ መላጣዬን እንዳሳየው ይለምነኛል፤ ነፋስ አለ ብዬ አልፈዋለሁ።

ሚስቴ ግን አትስቅም። ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ብቻ ነው የምትጠይቀኝ።

«አንዴ ከተቀባ እስከ ማታ ንቅንቅ የለም» እላታለሁ። «ሁለተኛ እጅ መቀባት የሚያስፈልገው እኮ ለሰነፍ ቀቢ ነው፣ እሜቴ። የኔ ቀለም ስንት ክረምት ነው የቆመው?»

መቅዘፊያው ላይ የተጨበጡት ጣቶቿ ላላ ሲሉ አያለሁ። አሰልጣኙ ከወዲያ ማዶ፣ የቤተሰብ ስብሰባው ካላለቀ ተጠባባቂዋን አስገባለሁ ብሎ ይጮሃል። ነገሩ አልቋል። ልጄ አሁን እጇን ብትዘረጋ መቅዘፊያው የሷ ነው።

እጇን አትዘረጋም።

«እማዬ» ትላለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባዬ መድኃኒት ቤት አልገባም።»

ሚስቴ ወደ እኔ ዞር አትልም። ልጇን ነው የምታየው።

«መኪናው ጋ ነበር። መኪና ጠባቂውን ይዞ፣ ፊት ለፊት ያለውን የመስታወት ሕንፃ እኔ ነኝ የቀባሁት እያለ ሲያወራው ነበር። ክሬሙን ጠይቄ የገዛሁት እኔ ነኝ። ብሩሽም ባልዲም የለም።»

ነገሩን ላቃና አፌን ስከፍት ሚስቴ መዳፏን ወደ እኔ ታነሳለች። የከፈትኩትን እዘጋለሁ።

«እስከ ማታ አይቆይም፣ እማዬ» ትላለች ልጄ። «ውሃ ይቋቋማል ማለት ጨርሶ አይታጠብም ማለት አይደለም። ይሄ ውሃ ውስጥ ሰማንያ ደቂቃ ነው የሚችለው፤ ፎጣም ያነሳዋል። አሁን ብቀባው የኛ ዙር እስኪጠራ ይደርቃል። ስመለስ ደግሞ መደገም አለበት። አባዬን አምነሽ ሳትደግሚልኝ ብትቀሪ እንደ አምናው እሆናለሁ።» ከዚያ ትጨምራለች፤ «ፊቴንና እጄን እችላለሁ። ጀርባዬ ላይ አልደርስም።»

ሚስቴ አሰልጣኙን በእጇ ምልክት፣ ጠብቅ፣ ትለዋለች። መቅዘፊያውን ደረቴ ላይ ታስደግፍና መዳፏን ትዘረጋለች። እጨምቅላታለሁ፤ አልበቃትም፤ ደግሜ እጨምቃለሁ።

ልጄ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ አንገቷን ትደፋለች። የእናቷ ጣቶች ከካናቴራው ማንገቻ ሥር ይገባሉ፤ አምና የተላጠው ቦታ ላይ ቀስ ይላሉ፣ ይመለሳሉ፣ ከጆሮዋ ኋላ ያለችውን ስንጥቅ እንኳ አይዘሉም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ቀቢ አይቻለሁ። መቅዘፊያውን አቅፌ፣ ጠርዝ ሳይዘለል እንዴት እንደሚቀባ እመለከታለሁ።